የድሮ ፊልም ፕሮጀክተር አምፖል ተቃጠለ፤ በምን እንተካው?

የፊልም ሳጥን (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። ኮዳክ ፔጃንት የሚባል የ16 ሚሊሜትር ፕሮጀክተር አለኝ። ድሮ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ነበር። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ሌንሱም ንጹህ ነው። ችግሩ አምፖሉ ነው። መስታወቱ ከውስጥ ጠቁሮ አንድ ጎኑ ላይ አብጧል። ፊላመንቱም ተበጥሷል። አናቱ ላይ 750 ዋት፣ 120 ቮልት ይላል።

ያንኑ ዓይነት አምፖል ውጭ አገር የሚሸጡ አሉ። ግን እየተሸጠ ያለው ድሮ ተሠርቶ የተረፈው ነው። ዋጋው ከነማስላኪያው አይቀመስም። ተገዝቶ ቢመጣም ዕድሜው 25 ሰዓት ገደማ ነው አሉኝ። በዚያ ላይ ማሽኑ በ120 ቮልት ስለሚሠራ አብሮት ያለውን ከባድ ትራንስፎርመር በየሄድኩበት መሸከም አለብኝ።

ሳጥን ውስጥ ያሉኝ ፊልሞች የጤናና የግብርና ማስተማሪያዎች ናቸው። በአማርኛ የተተረኩም አሉባቸው። ለተማሪዎች ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «ኤልኢዲ ግጠሚበት» ይለኛል። ማሽኑን ሳላበላሽ፣ ወጪዬም ሳይበዛ ምን ላድርግ?

ቀላል መፍትሔ

ኤልኢዲ ነው እህቴ። ባለ 100 ዋት ሲኦቢ (ብዙ ትንንሽ ቺፖች አንድ ገጽ ላይ የተደረደሩበት ኤልኢዲ) መርካቶ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው። ከኋላው አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ለጥፊና አምፖሉ ቦታ አስቀምጪው። ለዓመታት ይሠራል።

ሃያ አራት ቮልት

ወንድሜ ቀላል መፍትሔ ለመርዳት ነው የተናገረው። ግን እህታችን ብር ከማውጣቷ በፊት አንድ ነገር ልበል። ፕሮጀክተር ላይ ወሳኙ የአምፖሉ ጠቅላላ ብርሃን አይደለም። ብርሃኑ ምን ያህል ጠባብ ቦታ ላይ ተሰብስቧል የሚለው ነው።

ሒሳቡን እዚሁ እንሥራው። የ16 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ፍሬም ሲታይ 9.65 በ7.26 ሚሊሜትር ነው። ወደ 70 ስኩዌር ሚሊሜትር ማለት ነው። በዚች መስኮት ያለፈውን ብርሃን ደግሞ ሌንሱ እንዳለ አይቀበለውም። ኤፍ 1.6 ሌንስ (ቁጥሩ የሌንሱን መክፈቻ ስፋት ይነግራል) የሚቀበለው ጠበብ ያለ ኮን ውስጥ የሚገባውን ብቻ ነው። ኤልኢዲ ግን ፊት ለፊቱ ወዳለው አቅጣጫ ሁሉ ይረጫል። ሁለቱን አገናኝተሽ ስታሰዪው፣ ከኤልኢዲው ገጽ ላይ ሙሉ በሙሉ ልንጠቀምበት የምንችለው 7 ስኩዌር ሚሊሜትር ያህሉን ብቻ ነው። የሲኦቢው ቢጫ ገጽ 20 በ20 ሚሊሜትር ከሆነ 400 ስኩዌር ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከብርሃኑ ሸራው ላይ የመድረስ ዕድል ያለው ከ2 በመቶ ያነሰው ነው። ሌላው የማሽኑን ሆድ ያበራል።

«ኮንደንሰር ሌንስ ጨምሪበት፣ ይሰበስበዋል» የሚሉሽ ይኖራሉ። ሌንስ ግን ብርሃኑን አጥብቦ ሲሰበስብ የጨረሩን አንግል ያሰፋዋል። አንግሉ ሲሰፋ ደግሞ የማሳያው ሌንስ አይቀበለውም። የገበቴ ውሃ በጠርሙስ አፍ እንገልብጥ እንደማለት ነው፣ አብዛኛው ውጭ ይፈሳል። ይህን የትኛውም ሌንስ አይለውጠውም።

ስለዚህ እኔ የምመክርሽ የ24 ቮልት 250 ዋት ሃሎጅን ነው። ኮዱ ኢኤልሲ ይባላል። በአውሮፓ ቁጥር ኤ1/259 ተብሎም ይጻፋል። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ሪፍሌክተር አብሮት ተሠርቷል። ኤይኪንና ኤልሞን የመሳሰሉ በኋላ የመጡ የ16 ሚሊሜትር ማሽኖች ሲፈበረኩ ጀምሮ ይህን አምፖል ይዘው ነው የወጡት። እኛ የምናደርገው የድሮውን ማሽን ወደ ታናናሾቹ አምፖል ማምጣት ነው።

250 ዋት እንዴት 750 ዋትን ይተካል ትዪ ይሆናል። የ24 ቮልት ፊላመንት ሽቦው ወፍራም፣ ርዝመቱ አጭር ነው። ጥቅልሉ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የዚህ ዘመድ የሆነው ባዶ ካፕሱል (ሪፍሌክተር የሌለው አምፖል) ፊላመንቱ 7 በ3.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ስለሆነ እስከ 3400 ኬልቪን ሊግል ይችላል። ሪፍሌክተሩ ደግሞ ከኋላና ከጎን የሚባክነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ፊልሙ መስኮት ይልከዋል። ሽፋኑ ዳይክሮይክ ስለሆነ ብርሃኑን አንጸባርቆ አብዛኛውን ሙቀት ወደ ኋላ ያሳልፋል። ሸራው ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከ750 ዋቱ አያንስም። ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ግን በጣም ይቀንሳል።

ከዋጋው በላይ ደስ የሚለው ደግሞ ይኸው አምፖል የናይት ክለብ ዲስኮ መብራቶች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት መቆየቱ ነው። ስለዚህ የመድረክ መብራት ከሚሸጡ ሰዎች ጠይቂ። ባለ 50 ሰዓቱ የበለጠ ያበራል፣ ብርሃኑ በጥቂቱ ተቀንሶ ዕድሜው የተራዘመ ዓይነትም አለ።

የድሮ ኦፕሬተር

ሃያ አራት ቮልት ያለው ትክክል ነው። እኔ ከመክፈትሽ በፊት ልትጠነቀቂ የሚገባሽን ልንገርሽ፣ ልጄ።

በድሮ ማሽኖች የአምፖል ቤት ውስጥ ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ሽቦ ነጭ ወይም አመዳማ ጨርቅ የሚመስል ሽፋን ሊኖረው ይችላል። ለሙቀት መከላከያ የሚደረግ ወፍራም ወረቀት የሚመስል ነገርም ይገኛል። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትፋቂው፣ አትቁረጪው፣ አየርም አትንፊበት። ውሃ እርጭበትና ጓንትና ማስክ አድርገሽ ሳይፈረካከስ አውጪው። ጥቅጥቅ ባለ ፕላስቲክ አስረሽ አርቂው። ልጆች ባሉበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ አትክፈቺው። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያውቅ በብሩሽ ያጸዳዋል፣ ትንፋሹ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ፣ የቀድሞው አምፖል ከኋላው አንጸባራቂ መስታወት፣ ከፊቱ ኮንደንሰር ሌንሶች አሉት። አዲሱ አምፖል ሁለቱንም አይፈልግም፣ ሪፍሌክተሩ ራሱ ያተኩራል። አውጪያቸውና በጨርቅ ጠቅልለሽ ከማሽኑ ጋር አስቀምጪ። ሙቀት የሚይዝ መስታወት ካለ ግን እሱን ተዪው፣ ይቆይ።

አምፖሉ የሚቆምበት ርቀት ትልቁ ጉዳይ ነው። የብርሃኑ ነጥብ የሚያርፈው ከሪፍሌክተሩ ጠርዝ ፊት ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ያ ነጥብ ፊልሙ የሚያልፍበት መስኮት ላይ መውደቅ አለበት። በማስመሪያ አትመኚው፣ በዓይንሽ ነው የምታስተካክዪው። ሌንሱን አውልቂ። ሻተሩን (ብርሃኑን እየቆራረጠ የሚዞረውን ክንፍ) በእጅሽ አዙረሽ መስኮቱ ክፍት ሲሆን አቁሚው። ፊልም አታስገቢ። አምፖሉን በዝቅተኛ ቮልቴጅ አብሪና ከመስኮቱ ፊት ነጭ ወረቀት ያዢ። መጀመሪያ የምታዪው መሃሉ ደምቆ ዳሩ የደበዘዘ ክብ ነው። አምፖሉን ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ውሰጂው። አንድ ቦታ ላይ አራቱም ማዕዘኖች እኩል ይበራሉ። ከዚያ ሌንሱን መልሰሽ ሸራው ላይ እዪ። አንድ ማዕዘን ብቻ ከጨለመ አምፖሉ ከመሃል ወጥቷል ማለት ነው፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ አንሺው። መሃሉ ላይ የሽቦ ጥቅልል ጥላ ከመጣ ደግሞ በጣም ቀርቧል ወይም ርቋል።

ይህን ስትጨርሺ ብቻ ብሎኑን ጥበቂ። አምፖሉን የሚይዘውን ላሜራ ስትሠሪ ቀዳዳዎቹን ክብ ሳይሆን ሞላላ አድርጊያቸው፣ እንዲንሸራተት። የማሽኑን አካል ደግሞ አትብሺው። ፋብሪካው የበሳቸው ቀዳዳዎች ይበቃሉ። ነገ ዋናው አምፖል ቢገኝ፣ ወይም ማሽኑ ሙዚየም ቢገባ፣ እንደነበረ መመለስ አለበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ ፔጃንት በየንብረት ሽያጩ ስለማይጠፋ ማሽኑን አውቀዋለሁ። እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ላይ ያለውን ሳህን እይው። 60 ኸርዝ ብቻ ከሆነ የሚለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለው 50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በሰከንድ 24 ፍሬም መሆን ያለበት 20 ይሆናል። የተራኪው ድምፅ ይወፍራል፣ ሙዚቃው ይወርዳል፣ ማቭለጭለጩም ይጨምራል። ድምፁ ወፍራም ሆኖ የሰማሽው ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

መፍትሔው ከአምፖሉ ጋር ይገናኛል። 750 ዋቱ አምፖል በ120 ቮልት ከ6 አምፒር በላይ ይወስድ ነበር። ለዚህ ነው ትልቅ ትራንስፎርመር የተሰጠሽ። አምፖሉን ወደ 24 ቮልት ለይተሽ በራሱ ኃይል ካበራሽው፣ በ120 ቮልት በኩል የሚቀርሽ ሞተሩና የድምፅ ማጉያው ብቻ ነው። ያ ትንሽ ጭነት ነው። ስለዚህ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚሰጥ ንጹህ ሳይን ኢንቨርተር በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ብትጠቀሚ ሞተሩ በትክክለኛ ፍጥነቱ ይዞራል። ሞተር ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ 500 ዋቱን ምረጪ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው በሻንጣ ሊያመጣልሽ ይችላል። «ሞዲፋይድ ሳይን» የሚለውን አትግዢ፣ ሞተሩን ያግለዋል፣ ድምፁ ውስጥም ይጮኻል።

ኢንቨርተር ካልተገኘና ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞር ከሆነ፣ የሞተሩን ፑሌጃ ዲያሜትር በ20 በመቶ የሚበልጥ አድርጎ በቶርኖ ማስወጣት ይቻላል።

የፊልም ሳጥን (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳህኑን አየሁት፣ 60 ኸርዝ ነው የሚለው። ድምፁ ወፍራም የመሰለኝ ፊልሙ ያረጀ ስለሆነ ነበር፣ አሁን ገባኝ።

ጋሼ ኦፕሬተር፣ የአምፖሉ ቤት ውስጥ ያለው ሽቦ እንዳሉት ነጭ ሽፋን አለው። አልነካሁትም። ውጭ ግቢ ውስጥ እንዲሠራ አደርጋለሁ።

24 ቮልቱን ከየት ላምጣ? ደግሞ ሶኬቱስ?

ሃያ አራት ቮልት

ለዚህ ጥያቄ እዚያው አገር ውስጥ ጥሩ መልስ አለ። ኮሌጆችና የስልጠና ማዕከላት ውስጥ የተጣሉ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተሮችን ፈልጊ። ትራንስፓረንሲ ላይ እየተጻፈ ግድግዳ ላይ ይታይበት የነበረው ማለቴ ነው። ከአውሮፓ የመጡት ብዙዎቹ በ24 ቮልት 250 ዋት አምፖል ነው የሚሠሩት። ውስጡ ከ220 ቮልት ወደ 24 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ ሙቀት የሚችል ሽቦና ቬንትሌተር ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። ጀርባው ላይ 36 ቮልት 400 ዋት የሚል ከሆነ ግን እለፊው። የአምፖሉ ሶኬት ላይገጥም ይችላል፣ እሱን ለብቻው ግዢ።

ሶኬቱ ሴራሚክ መሆን አለበት። እግሮቹ 5.3 ሚሊሜትር የሚራራቁ ናቸው። ቤት ጣሪያ ላይ የሚገባው ትንሿ የ12 ቮልት 50 ዋት ሃሎጅን ሶኬትም ይገጥመዋል፣ ግን አትጠቀሚበት። እሱ የተሠራው ለ4 አምፒር አካባቢ ነው። የእኛ አምፖል ከ10 አምፒር በላይ ይወስዳል። የላላ ግንኙነት መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ የአምፖሉን እግር ይበላዋል። አምፖሎቹም በመልክ ይመሳሰላሉ። የቤቱ አምፖል ግን ብርሃኑን ይበትናል እንጂ ቅርብ ነጥብ ላይ አያተኩርም።

ሽቦው ቢያንስ 2.5 ስኩዌር ሚሜ ይሁን፣ አጭርም ይሁን። አምፖሉ አጠገብ በሊድ የተበየደ ግንኙነት አይኑር፣ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። የሚጨመቅ ተርሚናል ተጠቀሚ። አምፖሉን በባዶ እጅ አትንኪው። የጣት ቅባት ኳርትዙ ላይ ይቃጠልና ሊያፈነዳው ይችላል።

አሁን ደግሞ ዕድሜ ስለማራዘም። የአምፖል ዕድሜ ከቮልቴጅ ጋር ያለው ዝምድና የሚገርም ነው። ቮልቴጁን በ5 በመቶ ብትቀንሺ ዕድሜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብርሃኑ የሚቀንሰው 16 በመቶ ገደማ ነው፣ ዓይን ብዙም አያስተውለውም። ስለዚህ አምፖሉ እግር ላይ ማሽኑ እየሠራ ለኪና ከ23 ቮልት አካባቢ እንዳይበልጥ አድርጊ። የኛ አገር መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል ይህ ትርፍ ያስፈልግሻል። በጣም አታውርጂው ግን። ሃሎጅን የመስታወቱ ግድግዳ ከ250 ዲግሪ በላይ ካልጋለ ራሱን አያጸዳም፣ እንደ ድሮው ይጠቁራል።

በሁለት የመኪና ባትሪ ላብራ ብትዪም ይቻላል። ሙሉ የተሞሉ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ ግን 25 ቮልት ያልፋሉ። 25.6 ቮልት ላይ የአምፖሉ ዕድሜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። መሃል ላይ ማስተካከያ አድርጊ።

የመጨረሻው፣ ማብሪያው። አሮጌውን የአምፖል ማብሪያ አትጣዪው። የ120 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ) ያንቀሳቅስልሽ። ሪሌዩ ደግሞ የ24 ቮልት ትራንስፎርመሩን የ220 ቮልት መግቢያ ይዝጋ ይክፈት። እንዲህ ከሆነ ሞተሩና ቬንትሌተሩ ሳይነሱ አምፖሉ አይበራም። የማሽኑ ሥርዓትም እንደነበረ ይቆያል።

ስቱትጋርት

ጽሑፋችሁን በደስታ ነው ያነበብኩት። የምኖረው የባወር ፕሮጀክተሮች ተወላጅ ከተማ ውስጥ ነው፣ የማሳየውም በእነሱ ነው። ለኤልኢዲ ግን ትንሽ ልከራከርለት፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ዓይነት ከተመረጠ የሚጠቅምበት ቦታ አለ።

ሃያ አራት ቮልት ያሰላው ሒሳብ ኤልኢዲን አይከለክልም፣ ትልቅ ገጽ ያለውን ነው የሚከለክለው። ሉሚነስ የሚባለው ኩባንያ ለቪዲዮ ፕሮጀክተር የሚሠራቸው፣ 9 ወይም 14 ስኩዌር ሚሊሜትር ገጽ ያላቸው ኤልኢዲዎች አሉ። መዳብ ላይ ተለጥፈው ነው የሚመጡት። ፊልሙ የሚፈልገው እንደነሱ ያለውን ነው። ርካሽ ግን አይደሉም። ብዙ አምፒር የሚሰጥ ድራይቨር (የኤልኢዲ ኃይል ሰጪ) እና ትልቅ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። ዋጋው ሲደመር ከሃሎጅኑ ይበልጣል። በአንጻሩ ጨረራቸው ውስጥ ኢንፍራሬድ የለም ማለት ይቻላል፣ አንድ ፍሬም ላይ አቁሞ ማስረዳት ይቻላል። ለአስተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊልም በፍሬም እየቃኙ ዲጂታል ለሚያደርጉትም ምርጫዬ ኤልኢዲ ነው።

ድራይቨሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይወድቃል። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ባለ ሁለት ክንፍ ሻተር እያንዳንዱን ሁለቴ ያሳያል፣ 48 ጊዜ ማለት ነው። በርካሽ ድራይቨር የሚሠራ ኤልኢዲ በ50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይነጥባል። የ48 እጥፍ 96 ነው። 100 ሲቀነስ 96፣ 4 ይቀራል። ስለዚህ ሸራው በሰከንድ አራት ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ሲል ታያላችሁ። ራስ ያሳምማል። አሜሪካ የተቀረጸ ቪዲዮ አይታችሁ «እሱ ጋ ደህና ነው» እንዳትሉ። እዚያ 120 ነው የሚነጥበው፣ የ24 ድፍን ብዜት ስለሆነ ያ ዝግተኛ መወዛወዝ ላይታይ ይችላል። ሃሎጅን ፊላመንቱ በአንድ ጊዜ ስለማይቀዘቅዝ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ለኤልኢዲ መፍትሔው የተጣራ ዲሲ፣ ቋሚ ከረንት የሚሰጥ ድራይቨር ነው። ብርሃኑን እየቆራረጠ የሚያደበዝዘውን አትጠቀሙ። ለመፈተን እርሳስ ይዛችሁ ብርሃኑ ፊት በፍጥነት አወዛውዙ። የተቆራረጡ እርሳሶች ከታዩ አይሆንም።

ቀለሙንም ላንሳ። የ16 ሚሊሜትር ቅጂዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀለማቸው የተመጠነው ለፊላመንት አምፖል ነው። 6500 ኬልቪን (ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ) ኤልኢዲ ሲበራባቸው የሰው ፊት አመዳም ይሆናል። ወደ 4000 ኬልቪን የሚጠጋ፣ የቀለም ጥራት መለኪያው (CRI) ከ95 በላይ የሆነ ምረጡ። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ጠፍቶ ቀይ ብቻ የቀረው ያረጀ የቀለም ፊልም፣ በነጣ ያለ ኤልኢዲ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ቀላል መፍትሔ

ስለ 100 እና 96 የተጻፈውን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የኔ ሲኦቢ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ምስል ያሳየኛል፣ ማታ ክፍሉ ጨለማ ሲሆን ይበቃኛል። ለክፍል ሙሉ ተማሪ ግን እንደማይሆን ተስማምቻለሁ።

ስቱትጋርት

ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር ለቤተሰብ ይበቃል። ድራይቨሩን ብቻ ቀይረው፣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ሱፐር 8 ወዳጅ (ሐዋሳ)

ይቅርታ ላቋርጣችሁ። እኔ ያለኝ የቤተሰብ ሰርግ ያለበት የ8 ሚሊሜትር ፊልምና ዩሚግ ፕሮጀክተር ነው። 12 ቮልት 100 ዋት ነው የሚወስደው። አምፖሉን አውጥቼ ኤልኢዲ በሌላ ኃይል ባበራ ማሽኑን ይጎዳዋል?

ሃያ አራት ቮልት

ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንድ የ8 ሚሊሜትር ማሽኖች ለብቻው ትራንስፎርመር የላቸውም። የሞተሩ ጥቅልል ራሱ ለአምፖሉ 12 ቮልት ያወርዳል። አምፖሉ ሲወጣ ጭነቱ ስለሚጠፋ ፍጥነቱ ሊለወጥ ይችላል። መጀመሪያ አምፖሉን አውጥተህ ያለ ፊልም አስነሳውና ድምፁን ስማ። ከፈጠነ ፊልም አታስገባበት።

ያንተ ጉዳይ ግን ኤልኢዲ ላያስፈልገው ይችላል። ባለ ሪፍሌክተሩ የ12 ቮልት 100 ዋት፣ ኢኤፍፒ የሚባለው፣ ዛሬም ይሠራል። ዋጋውም ብዙ አይደለም። ባዶ ካፕሱል ከሆነ የምትፈልገው ደግሞ ኤፍሲአር ነው፣ የማይክሮስኮፕ አምፖል ስለሆነ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ያውቁታል። ኤልሞ ላለው ሰው፣ አንዳንድ የሱፐር 8 ኤልሞዎች የሚወስዱት 15 ቮልት 150 ዋት ኢኤፍአር ነው። እሱ በሆስፒታል የኢንዶስኮፒ ብርሃን ምንጮች ውስጥ ይገባል፣ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ዘንድ ጠይቁ። የፕሮጀክተር አምፖል የለም ሲሏችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። በሌላ ሙያ ስም ተቀምጦ ይሆናል።

የድሮ ኦፕሬተር

የሰርግ ፊልሙን ከማጫወትህ በፊት አሽትተው። የኮምጣጤ ሽታ ካለው ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፣ ተሸብሽቦም ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አታጫውተው፣ ለሚቃኝ ሰው ስጠው። አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለህ።

የፊልም ሳጥን (አዲስ አበባ)

ተመልሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ኦቨርሄድ ፕሮጀክተሩ የተገኘው አንድ የስልጠና ማዕከል መጋዘን ውስጥ ነው። 24 ቮልት 250 ዋት የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ አለ። ትራንስፎርመሩን ለብቻው ላሜራ ሳጥን ውስጥ አስገብተን ፊውዝ አደረግንለት። ነጩ ሽቦ ጋሼ እንዳሉት ውሃ ተረጭቶበት ወጣ። ኢኤልሲው የመጣው የመድረክ መብራት ከሚያከራዩ ልጆች ነው።

ማስተካከሉ እንዳሉት በዓይን ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ላይ ክቡ መሃል ለመሃል ሲቀመጥና ማዕዘኖቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ማየት በጣም ደስ ይላል። ቮልቴጁ አምፖሉ ላይ 22.8 ነው። የክፍሉ ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር ስፋት አሳየን፣ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ እንኳን ይታያል።

ኢንቨርተሩ ገና አልመጣም፣ ፍጥነቱ ለጊዜው 20 ነው። አሁን የቀረኝ ችግር ድምፁ ውስጥ «ኡምም» የሚል ነገር መኖሩ ነው። ፊልም ባይኖርበትም ይሰማል። ድሮ አልነበረም። የድምፁን ትንሿን አምፖልም ልቀይራት?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ትንሿን አምፖል አትንኪያት። የድምፁን መስመር የምታነብብልሽ እሷ ናት። ብርሃኗ ከተንቀጠቀጠ ድምፁም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በኤልኢዲ መተካት ለብቻው የሚጠና ሥራ ነው፣ አሁን አያስፈልግሽም።

ሁምታው አምፖሉ ሲጠፋም ይሰማል ወይስ ሲበራ ብቻ?

የፊልም ሳጥን (አዲስ አበባ)

ሲበራ ብቻ።

ሃያ አራት ቮልት

እንግዲያው ከትራንስፎርመሩ ወይም ከ24 ቮልት ሽቦው ነው የሚመጣው። 10 አምፒር ኤሲ የሚያልፍበት ሽቦ በዙሪያው መግነጢስ ይፈጥራል። መጀመሪያ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዣቸው፣ ተለያይተው አይሂዱ። ቀጥሎ ከፎቶሴሉ (የድምፁን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው) እና ከማጉያው በተቻለ መጠን አርቀሽ በሌላው ጎን አሳልፊያቸው። የትራንስፎርመሩን ሳጥን ደግሞ ከማሽኑ አንድ ሜትር ያህል አርቂውና መሬት ላይ አስቀምጪው። ማሽኑ እየዞረ ሳጥኑን ስታርቂው ሁምታው ከተለወጠ ምክንያቱን አገኘሽው ማለት ነው። የሳጥኑ አካል ኧርዝ መታሰሩንም አረጋግጪ፣ ይህ ለድምፁ ብቻ ሳይሆን ለሕይወትሽም ነው።

የፊልም ሳጥን (አዲስ አበባ)

ሽቦዎቹ በማጉያው ስር ነበር የሚያልፉት! ጠምዝዤ በሌላው በኩል አሳለፍኳቸው፣ ሳጥኑንም አራቅሁት። አሁን ሁምታው የሚሰማው ድምፁ እስከ መጨረሻ ከፍ ሲል ብቻ ነው።

የድሮ ኦፕሬተር

ጎበዝ። ለልጆቹ ከማሳየትሽ በፊት የማያስፈልግ ፊልም ቁራጭ ጫፉን ከጫፉ አገናኝተሽ ግማሽ ሰዓት አዙሪው። ከዚያ አውጥተሽ በአጉሊ መነጽር ጥርሱ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እይ። ጠርዛቸው ከተላጠ ወይም ምስሉ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት ከተገኘ፣ ጌቱን (ፊልሙ የሚያልፍበትን መስኮት) በለስላሳ ጨርቅና በአልኮል አጽጂ፣ እንደገና ሞክሪ። የአማርኛዎቹን መጨረሻ ላይ ነው የምታስገቢያቸው።

የፊልም ሳጥን (አዲስ አበባ)

እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። የላሜራውን ልኬትና የአምፖሉን ርቀት ከነፎቶው እለጥፋለሁ፣ ፔጃንት ያለው ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጠፊው፣ እኔም ለራሴ ማሽን እፈልገዋለሁ። ኢንቨርተሩን በሚቀጥለው ወር ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመዴ እሰጠዋለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።